በሻንሲው ውስጥ የሚያንኳኳው

ጠዋት 12፡30፣ መካነ ሰላም

ሐሙስ ጠዋት ከመካነ ሰላም የተነሣነው አንድ ሰው ፈልገን አንድ ጥያቄ ልንጠይቀው ነው። ሰውየው ይመር ይባላል፤ የመኪናዬ የቀድሞ ባለቤት ነው፣ በወግዲ ወረዳ ይኖራል ብሎ ደላላው ከነገረን በቀር ስለ እሱ የምናውቀው የለም። ጥያቄያችንም አጭር ነው፤ «እዚህች መኪና ውስጥ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?»

መኪናዋ የኔ ናት። ነጭ አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ነጩ ቀለም በተላጠበት ሰማያዊ፣ ሰማያዊው በተላጠበት ደግሞ አረንጓዴ ይታያል። ሪያድ ሰባት ዓመት የሰው ልጅ አዝዬ፣ የሰው ሰሃን አጥቤ ያገኘሁት ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። ደሴ ላይ ከደላላ እጅ ስገዛት ሞተሯ ጤነኛ፣ ጎማዋ ደህና፣ ፍሬኗም የሚታመን ነበር። ታንኳኳለች ያለኝ የለም።

የመጀመሪያ ቀን ወደ መካነ ሰላም ስናመጣት አቀስታን አልፈን ቁልቁለት ስንጀምር ሰማነው። ኳ። ከዚያ ዝም። ዳገት ስንጀምር ደግሞ ከወደ ኋላ፣ ኳ። ከወለሉ ሥር የተኛ ሰው በር እንዲከፈትለት በትዕግሥት የሚጠይቅ ይመስላል።

ከተማችን ውስጥ ሦስት መካኒኮች አዩዋት። የመጀመሪያው ከጎማው በላይ ያለውን የባሌስትራ ላስቲክ ቀየረ። ሁለተኛው ክሮቼራው፣ የዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ነው ብሎ አዲስ ክሮቼራ አስገዛኝ። ሦስተኛው ከሥሯ ገብቶ ግማሽ ቀን ብሎን ሲያጠብቅ ዋለና ሲወጣ እጁን እየጠረገ፣ «እህቴ፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት፤ ጠበል ሞክሪ» አለኝ። የጋራዡ ግቢ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ትንፍሽ አትልም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚበርድለት ሕፃን ታዋርደኛለች።

ሥራዬ ከየገጠሩ ገበያ ድንችና እህል ወደ ከተማ ማምጣት ነው፤ ባዶዋን ስትሄድ ደግሞ ሰው እንጭናለን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ «አውርዱኝ፤ ይህ የሚጠራው እኔን ነው» ብለው ወረዱ። ወሬው ገበያ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚሳፈርም የሚያስጭንም ጠፋ። አንድ ወር እንዲህ ከቀጠለ በተገኘው ዋጋ ልሸጣት ነው፤ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴን አንድ ኳኳታ በላው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ድምፁን እኔም ጠልቼዋለሁ። ሪያድ ማዳሜ በሬን የምታንኳኳው እንዲሁ ነበር፤ አንዴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ።

መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቀመስን። ሻይ አሥራ አምስት ብር፣ ፓስቲ ሃያ ብር። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከወግዲ ከመጣ ሹፌር ጠየቅን። የኔ ሹፌር ሰይድ ይባላል፤ ሠፈሬ ያደገ፣ ሲፈራ የሚቀልድ ልጅ ነው።

«ወላሂ የሺ፣ ሰውየው ‹ጅን ነው› ቢለንስ?» አለኝ።

«ጅን ከሆነ እንደ ሰው ይክፈል። በነፃ ማን ይጭነዋል?» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ሁለት ሰዓት፣ ደጋው ላይ

ከከተማው እንደወጣን ጉም ዋጠን። ግራና ቀኝ የገብሱ ማሳ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። አልፎ አልፎ ጅባራ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና ሰው ይመስለኛል፤ ስንቀርበው ጅባራ ይሆናል። ሣር የሚግጡ ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። መኪና ለምደዋል፤ ገለል እንኳ አይሉም። እኛ ስናልፍ ግን ኳ ሲል ሁሉም መጋጣቸውን አቁመው ቀና አሉ። ሰይድ ሬድዮ ከፈተ፤ ጣቢያ የለም፤ ዘጋው።

ድምፅ የሚያዘው በጆሮ ነው የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። ደሴ መኪና ያስተማሩት ሰው፣ ያልታወቀ ድምፅ ሲመጣ አንድ ሰው ከኋላ ባለው መጫኛ፣ በካሶኒው ላይ አስተኝተው፣ የካቻቢቴ ጫፍ ወለሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፈው ይነዱ ነበር አለኝ። መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ስለሆነ የምተኛው እኔ ነኝ። የካሶኒው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማዳበሪያ አነጠፍኩ፤ ጋቢዬን ከራሴ እስከ እግሬ ተከናነብኩ፤ ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በጎኔ ተጋደምኩ።

እንዲህ ያለ ዓለም ከሥራችን እንዳለ አላውቅም ነበር። ጎማው ጠጠር ሲፈጭ፣ ዘይቱ ሲዞር፣ ቆርቆሮው ሲያቃስት ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ቁልቁለት ጀመርን። ከእግሬ በኩል አንድ ነገር ተነሣ። በግራ ጎኔ ሥር፣ በዳሌዬ፣ በብብቴ እየተንሸራተተ መጣና ልክ ከራሴ ሥር ኳ አለ። ዳገቱ ሲጀምር ከራሴ ተነሥቶ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ከእግሬ ሥር፣ ኳ። የላላ ብሎን ካለበት ሆኖ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። ይህ ይሄዳል። ፈራሁ፤ መፍራቴን ለሰይድ አልነገርኩትም እንጂ ፈራሁ።

ጋቢናውን በጡጫ መትቼ አስቆምኩት። ከሥር ገብቼ በግራ በኩል ያለውን ሻንሲ፣ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ የተሸከመውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ብረት፣ በባትሪ አየሁት። ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ብሎኑ ግን የለም። የቀዳዳው ከንፈር ለስልሶ ያበራል፤ ብዙ ጊዜ የገባና የወጣ ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ሦስቱም መካኒኮች አይተውት አልፈዋል። ጣቴን አስገባሁ። ሰይድ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲሸጉጥ መኪናዋ ትንሽ ተወዛወዘች፤ አንድ ቀዝቃዛ ነገር የጣቴን ጫፍ ዳስሶ አለፈ።

እጄን እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። «ምን አገኘሽ?» አለኝ ሰይድ። «ንዳ» አልኩት። ይመር የሚባለውን ሰው ከማግኘት በቀር ሌላ መላ አልታየኝም። ድምፁ መንገድ ላይ ቢለወጥ እንዲሰማኝ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ከወግዲ መለስ ብሎ

ጉሙ ተገለጠ፤ መንገዱ ላይ ሰው በዛ። ጋቢዬን በትንሹ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ባለ በቅሎ ሰው ከበቅሎው ወረደ። እህል የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አስቀመጡ። ዕረፍት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባዶ ፒክአፕ አይቶ እጁን የማያነሣ መንገደኛ በአገራችን የለም። እነዚህ አላነሡም። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

አንድ ምንጭ አጠገብ ሰይድ ቆመና ጀሪካን ይዞ ለራዲያተሩ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። ገና ሰውነቴ ስለሞቀልኝ አልተነሣሁም፤ እንደተሸፋፈንኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ጸጥታው ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጸጥታው የብዙ ሰው ጸጥታ መሆኑ ገባኝ። የእግር ኮቴ መጣ፤ ቆመ። ሌላ ኮቴ መጣ፤ ቆመ። በቅሎ ስታናፋ ብቻ ሰማሁ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰዎች መኪናዋን ከበው ነበር። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ተፈናጠረች። የቀሩት ደንዝዘው ቀሩ።

«ደህና አደራችሁ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰልኝም። ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ማጣት በወሎ ያልደረሰብኝ ነገር ነው፤ እዚያው ቁጭ ብዬ የሞትኩ መሰለኝ። በመጨረሻ ከበቅሎው የወረዱት ሽማግሌ፣ ኋላ አያ ሐሰን መባላቸውን ያወቅኩት፣ ጠጋ አሉ።

«ይቺ የይመር መኪና አይደለችም?»

«ነበረች። እኔ ገዝቻት ነው።»

«አሃ። እና አንቺ በሕይወት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ አያ! ምን ሆኛለሁ?»

እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ቁልቁለቱ አሻግረው ተመለከቱ፤ ከታች ሸለቆው ውስጥ ጨፌ የምትባል መንደር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ያብረቀርቃሉ። «ያረቢ» አሉ። «ተደውሏል እኮ።»

አያ ሐሰን ባጭሩ ነገሩኝ። ይመር ዐረብ አገር የሞቱ ልጆችን አስከሬን ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎ፣ በዚህች መኪና እስከ ደጃቸው የሚያደርስ ሰው ነው። ነበር። ይህ ድምፅ በዚህ ቁልቁለት ከተሰማ፣ ከዚህ በታች ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ሬሳ እየመጣ ነው ማለት ነው። ዛሬ ድምፁ ተሰማ፤ ካሶኒው ላይም ተገንዞ የተኛ ሰው ታየ። ከመንገደኞቹ አንዱ ወደ ጨፌ ደወለ።

«ለማን ብሎ?» አልኩ።

«ዐረብ አገር ልጅ ያላት እናት እዚህ ብዙ ናት። የልጇ ድምፅ የጠፋባት ግን አንድ ናት። የአንጓች ልጅ ስንዱ ከደወለች ስምንት ወር ሆኗታል።»

ሰይድ ውኃውን ይዞ ሲመለስ ፊቴን አይቶ ጀሪካኑን አስቀመጠ። «በሉ አሁኑኑ ይደወል! ሐሰት ነው በሉ!» ብዬ ጮህኩ።

አያ ሐሰን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ መርዶ ሊነገር ሲል ሰው ሁሉ ምንድን ነው የሚል? ‹ደህና ናት፤ ትንሽ አሟት ነው› አይደል? አሁን ደውለን ‹ስንዱ ደህና ናት፤ መኪናዋም ባዶ ናት› ካልናቸውማ አረጋገጥንላቸው።»

«እንግዲያው በመኪናዋ እንውረድ፤ በሩብ ሰዓት እንደርሳለን» አለ ሰይድ።

«እስቲ አስቡት» አሉ አያ ሐሰን። «ቁልቁለቱን ሁሉ ስታንኳኳ ልትወርድ?»

እውነታቸውን ነው። ይህች መኪና ውሸቷን በራሷ አፍ እያጸናች ነበር የምትወርደው። ሰይድን ከመኪናዋ ጋር ትቼ ከአያ ሐሰን ጋር በእግሬ ወረድኩ።

ቀትር፣ ጨፌ

መንገዱ አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀ። በቅሎዋን እንድቀመጥ ቢለምኑኝም አልቻልኩበትም፤ ከወደቅሁ ደግሞ ያኔ የእውነት ለቅሶ ይሆናል። በመንገዳችን ያሉት ቤቶች በራቸው ክፍት ነው፤ ውስጣቸው ግን ሰው የለም። አንድ ደጃፍ ላይ ግማሽ የተፈተለ ጥጥ ወድቋል። ዶሮዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከዚያ ንፍሮ ሸተተኝ፤ ስንዴና ባቄላ በትልቅ ብረት ድስት ሲቀቀል የሚሸተው። ንፍሮ ለማን እንደሚቀቀል የማያውቅ የለም።

የእትዬ አንጓች ግቢ ጢም ብሏል። ወንዶች በአጥሩ ጥግ፣ ሴቶች በቤቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከመቶ ሰው በላይ ነው፤ ግን የሚናገር የለም። አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ጠጠር ሰፌድ ላይ ሲወድቅ። በግቢው መሀል እትዬ አንጓች ምስር ይለቅማሉ። ጎረቤቶቻቸው አንድ ቁና ምስር አምጥተው «ለሠርግ ነው፤ ልቀሚልን» ብለዋቸዋል። በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ባለቤቱን በሥራ ያዘናጉታል፤ አንድ አፍታ እንኳ ብቻውን አይተዉትም፤ በማለዳ በሽማግሌ አፍ ይነገራል። እትዬ አንጓችም ይህን ያውቃሉ፤ ሰውም እንደሚያውቁ ያውቃል። የለቀሙትን ምስር መልሰው ይለቅማሉ።

ከበሩ አጠገብ፣ መርዶ ነጋሪው በሚቀመጥበት ቦታ፣ ዐይናቸው የደከመ ረጅም ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያ ሐሰን በአገጫቸው አሳዩኝ። የፈለግሁት ሰው፣ አያ ይመር።

አፌን ሳልከፍት እትዬ አንጓች ቀና አሉ። አቧራ የለበሰ እግሬን አዩ፤ ጋቢዬን አዩ።

«ከመኪናዋ ጋር የመጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ሰፌዱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «ሰምቻታለሁ። ከገደሉ ማዶ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ።»

«እትዬ፣ መኪናዋ ባዶ ናት። ካሶኒው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የታየሁት።»

«እሱንም ይላሉ» አሉ።

መሐላ ጀመርኩ፤ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፋ፤ መሐላዬም እንደ መርዶ መግቢያ ሆነብኝ። ያን ጊዜ አያ ይመር ድምፅ በመጣበት አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ብሎኗን ማን ነቀላት?»

«እኔ ስገዛት ብሎን አልነበራትም።»

አያ ይመር ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አንጓች ተነሽ» አሉ። «ተነሽና በዐይንሽ እይ። እኔም ሳላይ አንድ ቃል አልናገር።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቁልቁለቱ አፋፍ

መንደሩ ሁሉ ተነሥቶ ዳገቱን ወጣ። አያ ይመር በአያ ሐሰን በቅሎ ናቸው። እትዬ አንጓች ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ማንም አይቀድማቸውም፤ ሰፌዱ እጃቸው ላይ መቅረቱን ልብ ያሉት አይመስለኝም። ከኋላዬ የመቶ ሰው እግር ድንጋይ ሲረግጥ ይሰማኛል። ሰይድ ያን ሁሉ ሕዝብ በዝምታ ሲመጣበት አይቶ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ቆለፈ። አልፈረድኩበትም።

እትዬ አንጓች ካሶኒው ላይ ወጡ። ማዳበሪያውን አነሡ፤ ትርፍ ጎማውን ገፉ፤ ገመዱን ገለበጡ። ከዚያ ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው ከጥግ እስከ ጥግ ዳበሱት።

«ባዶ ናት» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። «እናንተ ሰዎች፣ ባዶ ናት።»

እዚያው ላይ ተቀመጡ።

አያ ይመር መኪናዋን በእጃቸው እየዳበሱ በግራ በኩል ቀዳዳውን አገኙት። ሰይድን ከቆለፈበት አስከፍተው የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳገቱ እንዲሆን አስዞሩት፤ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ኳ። ከሰይድ መሣሪያ ሣጥን ረጅም ብሎን አስመረጡና በቀዳዳው አስገብተው አጠበቁት። «አሁን ቁልቁል ንዳት» አሉ። ሰይድ ነዳት። ወረደች፤ ተመለሰች። ትንፍሽ አላለችም። ሦስት መካኒክ ያልቻለውን በአንድ ብሎን ጨረሱት፤ ዐይናቸው በደንብ የማያይ ሰው።

«ውስጧ ያለው ምንድን ነው?» አልኩ። ይህን ለመጠየቅ ነበር የመጣሁት።

«የተሰበረ የብረት ዘነዘና ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት» አሉ። «የመጀመሪያዋን ልጅ ሳመጣ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። ቤታቸው ደጅ ድረስ በጸጥታ ደረስኩ። እናቲቱ ወንፊት ይዛ በር ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ሣጥኑን አየች። አጠገቧ የሚይዛት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ሳይወጣት በዓመቷ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት። ከዚያ በኋላ ማንም መርዶውን ብቻውን አይሰማም ብዬ ዘነዘናውን ከተትኩ። እህል ስጭን በብሎን አስረዋለሁ። ሬሳ ስጭን ብሎኑን እነቅላለሁ፤ ቁልቁለቱን በቀስታ እወርዳለሁ። እኔ እስክደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል። ዐይኔ ሲደክም ለደላላው ሰጠኋት፤ ብሎኗን እንዳትነካ ብዬው ነበር። ሲያድሷት ነቅለው ጥለውታል መሰለኝ። አውፍ በይኝ ልጄ።»

ስፈራው የከረምኩት ድምፅ ይህ ነበር። ሰው እንዳያዝን ማድረግ ያልቻለ ሰው፣ ቢያንስ ብቻውን እንዳያዝን ያስገባው ብረት። አፍሬ ቆምኩ።

እትዬ አንጓች ካሶኒው ላይ እንደተቀመጡ እጄን ያዙኝ። «አንቺም ከዚያው ነው የመጣሽው?»

«ሪያድ ሰባት ዓመት።»

«እናትሽ አለች?»

«የለችም። እዚያ እያለሁ ነው ያረፈችው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስልኬ ላይ በድምፅ መልእክት ተላከልኝ። ሰሃን እያጠብኩ ነበር።»

«አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ማንም» አልኩ። «ሰሃኑን ጨርሼ አጠብኩ።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አገሬ ስመለስ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ለቅሶው ወጥቷል፤ ተዝካሩ ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ያለፈ አልፏል» ብሎ ሳመኝ። እኔም በቃ ብዬ መኪና ገዛሁ።

አያ ይመር ሰምተውኛል። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እንግዲህ የተሰበሰበ ለቅሶ ባዶውን አይበተንም» አሉ። «ይቺ ልጅ ያላለቀሰችላት እናት አለቻት።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች አላቀኑትም። መኪናዋን ከበቧት። አንዲት ጠይም ቀጭን ሴት ወደ መሀል ገብታ ደረቷን በስሱ መታ መታ አደረገችና ሙሾ አወረደች።

«ባሕር ማዶ ሆነሽ ያመለጠሽ እንባ፣
ዛሬ ደረሰልሽ በጨፌ በር ገባ።»

የእናቴን ስም ጠየቁኝ። በላይነሽ አልኳቸው። መቶ ሰው አይቷት የማያውቃትን በላይነሽን በስሟ ጠራት። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እኔ አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልጽፈውም። እትዬ አንጓች አቅፈውኝ አብረውኝ አለቀሱ፤ ለእናቴ ይሁን ለስንዱ አልጠየቅኋቸውም። ሰይድ ጎማው ላይ ተቀምጦ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ይጠርግ ነበር።

ከዚያ ንፍሮው በሰፌድ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ሁሉም አንዳንድ እፍኝ ዘገነ። ስንዴው ለስልሷል፤ ጨውም አላነሰውም።

ዓርብ፣ መካነ ሰላም

በእትዬ አንጓች ቤት አደርን። የስንዱን ፎቶ አሳዩኝ፤ ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ፎቶውን በስልኬ አነሣሁት፤ ሪያድ ለቀሩት ጓደኞቼ በሙሉ ላክሁት። እስካሁን «አየኋት» ያለ የለም። «ሞተች» ያለም የለም።

ጠዋት ስንነሣ እትዬ አንጓች መኪናዋ ድረስ ሸኙን። ጎንበስ ብለው ብሎኑን በጣታቸው ነኩት።

«ዘነዘናውን አታስወጪው» አሉኝ። «ልጄ በእግሯ ከመጣች እሰየው። በሌላ ከመጣች ግን ባንቺ መኪና ትምጣ። ያን ቀን ብሎኗን ንቀዪልኝ፤ ሰው ይሰብሰብልኝ።»

እሺ አልኳቸው።

የመልስ መንገዱ ጸጥ ያለ ነበር። ደጋው ላይ ጉሙ እንደ ትናንቱ ነው፤ ጭላዳዎቹ ስናልፍ ቀና አላሉም። ሰይድ አንድ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ ሲያዳምጥ አየሁት። «ናፈቀህ?» አልኩት። «አቦ ተይኝ» አለኝ። መካነ ሰላም የደረስነው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሦስተኛው መካኒክ ተቀምጦ ነበር።

«እህሳ፣ የሚያንኳኳው ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«አንድ ብሎን ጎድሏት ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ የሚያስፈራኝን ነገር ከማስወገዴ በፊት ማን፣ ለማን ብሎ እንዳስቀመጠው መጠየቅን ተምሬአለሁ። ዘነዘናው አሁንም ሻንሲው ውስጥ ነው። ሥራው ተመልሷል፤ ገበያተኛውም ይጠራኛል ብሎ አይሸሽም። እኔ ግን በየጠዋቱ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ከሥሯ ገብቼ ያችን ብሎን አጠብቃለሁ። ሰይድ «ትናንት አጥብቀሻታል እኮ፤ ወዴት ትሄዳለች?» እያለ ይስቅብኛል። ስንዱ በእግሯ እንድትመጣ ብዬ እንደሆነ አልነገርኩትም።